ለልጅ የሚሆን ፈረስ በምርጫ ይገኛል
(ለፈረስ አርቢ አርሶ አደሮች በሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን የተሻለውን ፈረስ ለገበያ እናወጣለን፤ ያልተሸጠው ለዘር ይቀራል። ባዝራዋም በግጦሽ ላይ ከየትኛው ድንጉላ እንደጸነሰች አናውቅም። ከዚያ የሚወለደው ፈረስ ደንባራ ቢሆን ጉዳቱ የሚደርሰው በሚጋልበው ልጃችን ላይ ነው።

በእንግሊዝ አገር ለልጆች ግልቢያና ለትርኢት የሚረባ «ራይዲንግ ፖኒ» የሚባል ድንክ ፈረስ አለ። አርቢዎቹ የዌልስና የዳርትሙር ድንክ ፈረሶችን ከአረብ ፈረስና ቶሮብሬድ ከሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ጋር አዳቅለው አወጡት። ከአገሬው ዘር ጥንካሬን፣ ከሌሎቹ ውበትንና ቀላል አረማመድን ፈለጉ። ቁመቱ ከመሬት እስከ ጫንቃው ከ148 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በትርኢት ላይ ከመልኩ ሌላ አረማመዱና ጠባዩ ይመዘናል።

አብዛኛው የአገራችን ፈረስም ቁመቱ ከዚህ ልክ አያልፍም። ስለዚህ ከውጭ ዘር አምጡ አንልም፤ የምንወስደው ትምህርት መምረጥን ነው።

1. ባዝራዋን ምረጡ። ውርንጭላው ከእናቱም ከአባቱም እኩል ይወርሳል፤ ጠባይን ደግሞ እናቱን እያየ ይማራል። የምትናከስ ወይም የምትራገጥ ባዝራ ለዘር አትሁን።

2. ድንጉላውን አስሄዳችሁ እዩ። ከፊትና ከኋላ ሲታይ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ ሰው ሲቀርበው የማይደነብር ይሁን። የባዝራዋ አባት፣ ወንድም ወይም ልጅ አይሁን። ለዘር የማይሆነውን በእንስሳት ሐኪም አስኮላሹ።

3. መዝግቡ። ባዝራ የምትወልደው በ11 ወር ገደማ ነው። የተጠቃችበትን ቀንና ድንጉላውን ከጻፋችሁ የውርንጭላው ዘር ይታወቃል፤ ገዢም ያምናችኋል።

4. አትቸኩሉ። 3 ዓመት ሳይሞላው ሰው አይቀመጥበት፤ አጥንቱ ስላልጠና ጀርባውና እግሩ ይጎዳሉ። እስከዚያ መሳብን፣ መዳሰስንና እግር ማንሳትን ይልመድ። ከዚያም አስቀድሞ አዋቂ ይግራው። ያልተገራ ፈረስና ያልለመደ ልጅ አንድ ላይ አይሁኑ።

ጎረቤት ካልተባበረ አንድ ሰው ብቻውን ዘር ማሻሻል አይችልም። ከዚህ ስትመለሱ በየመንደራችሁ ተመካክራችሁ ለዘር የሚቀሩትን ድንጉላዎች ለዩ፤ ለልማት ሠራተኛችሁም አሳውቁ።