ሐኪም ሲቀጠር ዶሴው ወዴት ነበረ?

(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን፤ በሆስፒታል ለመቀጠር የሚያመለክት ሐኪም ሕፃናትን ለማከም የሚታመን ሰው መሆኑ አስቀድሞ ስለሚጣራበት ሥርዓት ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ወረቀት የሚቀበለውን፣ ወረቀት የሚያስተላልፈውንና ወረቀት አንብቦ የሚፈርመውን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይበልጥ የሚመለከት ሆኖ እናገኘዋለን። በንግግሩ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት፤ ለይተን ካልተናገርን በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም በሰው ዘንድ የተከበረ ነው፤ መከበሩም ተገቢ ነው። እናት ልጅዋን ለማያውቁት ሰው አሳልፋ አትሰጥም፤ ለሐኪም ግን ትሰጣለች። ልብሱን አውልቆ እንዲመረመር ትፈቅዳለች፤ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ራሱን ሳያውቅ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባም፤ እርስዋ በውጭ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ይህን ያህል እምነት የሚጣልበት ሙያ ጥቂት ነው። ስለዚህም ከብዙ ሺህ ደጋግ ሐኪሞች መካከል አንድ ክፉ ሰው ቢገኝ፤ የሙያውን ክብር መሸሸጊያ ሊያደርገው ይችላል።

ይህም በአሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። በፈረንሳይ አገር ዦኤል ለ ስኩዋርኔክ የሚባል የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበረ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፤ ይህ ሰው በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ነውር የሚታይባቸውን ሥዕሎች ከኢንተርኔት ለማግኘት ገንዘብ መክፈሉን ደርሶበት ለፈረንሳይ ባለሥልጣኖች አስታወቀ። በ2005 ዓ.ም. የቫን ከተማ ፍርድ ቤት የአራት ወር እስራት ፈረደበት፤ ቅጣቱ በገደብ ስለ ነበረ ግን አልታሰረም። ፍርዱም ሙያውን እንዳይሠራ ወይም ሕፃናትን እንዳያክም አልከለከለውም።

በሚከተለው ዓመት፤ በኬምፔርሌ ሆስፒታል አብሮት የሚሠራ አንድ የአእምሮ ሐኪም ስለ ፍርዱ ሰምቶ ለሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ጉዳዩም የሐኪሞችን ሥነ ምግባር ለሚቆጣጠረው የአካባቢው ጉባኤ ደረሰ፤ ለጤና ጥበቃ ሹማምንትም ደረሰ። ደብዳቤ ተጻፈ፤ ለደብዳቤውም መልስ ተሰጠ፤ ጉባኤውም መከረበት፤ ፍጻሜው ግን ሐኪሙ በሥራው ላይ መቆየቱ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በዦንዛክ ሆስፒታል ሥራ ሲይዝም፤ የቀጠረው አስተዳደር ስለ ቅጣቱ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ተቀጠረ።

በ2017 ዓ.ም. ግን አንዲት የስድስት ዓመት የጎረቤት ልጅ የደረሰባትን በደል ለወላጆችዋ ነገረች። ወላጆችዋም ለፖሊስ አመለከቱ፤ ሰውየው ተያዘ፤ ቤቱ ሲፈተሽ ለብዙ ዓመታት በሕፃናት ላይ የፈጸመውን የጻፈባቸው ማስታወሻዎች ተገኙ። በግንቦት ወር 2025 ዓ.ም. የቫን ፍርድ ቤት የ20 ዓመት እስራት ፈረደበት። ጉዳታቸው በዚያ ችሎት የታየላቸው ሰዎች ቍጥር 299 ነበረ፤ አብዛኞቹም በልጅነታቸው በእርሱ እጅ የታከሙ ናቸው። ወንጀሉ የተፈጸመበት ዘመን ከ1989 እስከ 2014 ዓ.ም. የተዘረጋ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ከ2005 ዓ.ም. በፊት ለተጎዱት ሕፃናት፤ ማንም የሚያነበው የፍርድ ወረቀት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለተጎዱት ግን ወረቀቱ ነበረ፤ ተጽፎአል፣ ተነቧል፣ ተቀምጧልም። ስንት መሥሪያ ቤት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያላደረገውን፤ አንዲት የስድስት ዓመት ሕፃን ቃልዋን በማውጣትዋ ብቻ አደረገችው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፤ «ወረቀት አለ ወይ?» ተብሎ ብቻ ሳይሆን፤ «ወረቀቱ ለሚወስነው ሰው በጊዜው ደረሰ ወይ? ያ ሰውስ ወሰነ ወይ?» ተብሎ ነው።

ይህን ትምህርት የእንግሊዝ አገር ሰዎች በመራራ መንገድ ተምረውታል። በ2002 ዓ.ም. ሶሃም በምትባል አነስተኛ ከተማ፤ ዕድሜአቸው አሥር ዓመት የሆነ ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ። ገዳዩ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንጻ የመጠበቅ ሥራ የተሰጠው ሰው ነበረ። ቀድሞ በኖረበት አውራጃ ከልጃገረዶችና ከሴቶች ጋር በተያያዘ ክስ ብዙ ጊዜ ስሙ ለፖሊስ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ አውራጃ ፖሊስ የሚያውቀው ለቀጣሪዎቹ ሳይደርስ ቀረ። መንግሥቱም ሰር ማይክል ቢቻርድ ነገሩን እንዲመረምሩ አዘዘ፤ የምርመራቸው ጽሑፍ በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሕፃናትንና ደካሞችን ስለ መጠበቅ አዲስ ሕግ ተደነገገ።

ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ሥራ የሚያከናውነው፤ በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የማሳወቂያና የእገዳ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው። ሕፃናትን የሚያክም ሐኪም ሲቀጠር፤ የምስክር ወረቀቱ የተፈረደበትን ፍርድና ከፖሊስ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ የአካባቢው ፖሊስ ሊገለጥ ይገባዋል ብሎ ያመነበትን መረጃም ይጨምራል፤ ከሕፃናት ጋር እንዳይሠሩ በታገዱት ሰዎች መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን ወይም አለመኖሩንም ይናገራል። የታገደን ሰው እያወቀ በዚህ ሥራ ላይ የሚያሰማራ ቀጣሪም ራሱ በወንጀል ይጠየቃል።

ይሁን እንጂ ንጹሕ ወረቀት የንጹሕ ልብ ማረጋገጫ አይደለም፤ ወረቀቱ የሚያሳየው የታወቀውን ብቻ ነውና። በካምብሪጅ ከተማ በአደንብሩክስ ሆስፒታል የሕፃናትን የደም ሕመም ያክም የነበረው ማይልስ ብራድበሪ፤ ሕመምተኞቹ በነበሩት ልጆች ላይ በፈጸመው ወንጀል በ2014 ዓ.ም. የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ 16 ዓመት ዝቅ ተደርጓል። ይህ ሐኪም ወላጆች በሌሉበት ልጆቹን ብቻቸውን ይመረምር ነበር። ከዚህም በላይ የሚያስደነግጠው፤ የካናዳ የቶሮንቶ ፖሊስ የሕፃናትን ነውረኛ ፊልሞች የገዙ ሰዎችን ስም ዝርዝር በ2012 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ፖሊስ ሲያስተላልፍ፤ የዚህ ሐኪም ስም በውስጡ መኖሩ ነው። ዝርዝሩ ግን ወደሚመለከታቸው የአውራጃ ፖሊሶች ሳይተላለፍ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። አሁንም ዶሴው ነበረ፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር።

«ከታመሙ በኋላ ከመማቀቅ፤ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። ጥንቃቄውም ከባድ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፤ የሐኪሙን የሙያ ፈቃድና የፖሊስ ማስረጃ፤ ሐኪሙ ከሚያመጣው ግልባጭ ይልቅ ከሰጠው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ። ሁለተኛ፤ ቀድሞ የሠራበትን ሆስፒታል በቀጥታ መጠየቅ፤ በሥራ ታሪኩ ውስጥ ክፍተት ቢገኝም ምክንያቱን ማወቅ። ሦስተኛ፤ የተገኘው ነገር ከሕፃናት ደኅንነት ጋር የሚነካካ ሲሆን፤ ከመፈረም በፊት ውሳኔውንና ምክንያቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ። አራተኛ፤ ከተቀጠረ በኋላም ሕፃን ሲመረመር ወላጅ ወይም ሌላ የሆስፒታል ሠራተኛ አብሮ እንዲገኝ ማድረግ። አምስተኛ፤ ልጅ ወይም ወላጅ ቅሬታ ሲያቀርብ፤ «ታላቅ ሐኪም ነው፤ አያደርገውም» ብሎ አለመመለስ።

በሌላ በኩል ደግሞ የማጣራት ሥራ የሐሜት በር እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በወጣትነቱ በትንሽ ጥፋት የተቀጣ ሰው ሁሉ ለሕፃናት አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ የአሉባልታ ወሬም እንደ ፍርድ ሊቈጠር አይገባም። በእንግሊዝ አገር የምስክር ወረቀቱ ለአመልካቹ ለራሱ ይሰጣል፤ ስሕተት ካለበትም እንዲታረምለት ማመልከት ይችላል። ሕፃናትን መጠበቅና ለሠራተኛ ፍትሕ መስጠት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ ሁለቱም የሚጸኑት በእውነተኛ ማስረጃ ነው።

ይህ ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ በብሪታንያ በሕክምና ሥራ ለመቀጠር የመግቢያ ፈቃድ የሚጠይቅ የውጭ አገር ሐኪም፤ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖረበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወደዚያ ሲሄድ፤ አዲስ አበባ ላይ አሻራው ተመርምሮ የተሰጠው ወረቀት የሩቅ አገር ሕፃን ዋስትና ሆነ ማለት ነው። በአገር ቤትም ቢሆን፤ በ1987 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፤ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የአስተዳደር ባለሥልጣኖች ጭምር የሕፃናትን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። ይህ ቃል የተጻፈው ለዳኛና ለሚኒስትር ብቻ አይደለም፤ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ ለሚመራውም ጭምር ነው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ የመሥሪያ ቤት ሥራ ብዙ ጊዜ አሰልቺ ይመስላል። ማኅተም ይመታል፣ ቍጥር ይሰጣል፣ ዶሴ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል። ነገር ግን ነገ ጧት በጠረጴዛችን ላይ ከሚቀርቡት ዶሴዎች መካከል፤ አንዱ የማናውቀው ሕፃን በሐኪም ፊት ልብሱን የሚያወልቅበት ቀን የተመካበት ሊሆን ይችላል። ያን ዶሴ ሳናነበው እንዳንፈርምበት፤ አንብበነውም ዝም ብለን መሳቢያ ውስጥ እንዳንከተው ይገባናል።