ከስም ዝርዝር ወደ ተራ፦ የአፍሪካ ሴቶች የቴክኖሎጂ ትስስሮችና የአባላት ተሳትፎ

(በልደታ፣ አዲስ አበባ፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የምናገረው በአህጉር ደረጃ የተቋቋሙ የሴቶች የቴክኖሎጂ ትስስሮች የአባላታቸውን ተሳትፎ እንዴት ሊያጠናክሩ እንደሚችሉ ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስላል፤ ስብሰባ እንዴት ይጠራ፣ መልእክት እንዴት ይላክ የሚል። በእኔ እምነት ግን ከሥሩ ሁለት ከባድ ጥያቄዎች አሉ። አንዲት አባል ብትቀር ማኅበሩ ምን ይጎድልበታል? ማኅበሩስ ቢፈርስ አባሏ ምን ይጎድልባታል? ለሁለቱም መልስ የሌለው ትስስር የስም ዝርዝር እንጂ ማኅበር አይደለም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ ተሳትፎ የሚመነጨው ከቅስቀሳ ሳይሆን ከተራ ነው። ሰው የሚመጣው ስለተጠራ ብቻ አይደለም፤ ተራው ስለደረሰና ቢቀር የሚያስተጓጉለው ሌላ ሰው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

የቁጥር ፈተና

ያለንበት ጊዜ የትልልቅ ቁጥሮች ጊዜ ነው። በነሐሴ 2018 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በጋራ ያስጀመሩት የአፍሪካ ልጃገረዶች የኮዲንግ ፕሮግራም፣ የመጀመሪያ ካምፑን እዚሁ በአገራችን አካሂዶ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ወጣት ሴቶችን አሰባስቧል። በሐምሌ 2024 ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮችን ሥልጠና አስጀምሯል። እነዚህን ጅምሮች አላቃልልም፤ በር ከፋች ናቸው። ሆኖም በር መክፈትና ቤት መሥራት ይለያያሉ። ሥልጠናው አብቅቶ ሠልጣኟ ወደ ደሴ፣ ወደ ካምፓላ ወይም ወደ ዳካር ስትመለስ፣ ባገኘችው እውቀት ላይ የሚጨምርላት ማን ነው? የአባላት ትስስር ተግባር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚደክመውም እዚሁ ላይ ነው።

ድካሙ ከአባላት ስንፍና የመጣ አይደለም። ማንከር ኦልሰን የተባለው ምሁር በ1965 ባሳተመው የጋራ ተግባርን በሚመለከት መጽሐፉ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ቡድን ሲበዛ የእያንዳንዱ ሰው አስተዋፅኦ ከቁጥር የማይገባ ይመስለዋል፤ ጥቅሙ ሠራም አልሠራም የሚደርሰው ከሆነ ሸክሙን ለሌላው ይተዋል። በቴሌግራም ቡድኖቻችን በየቀኑ የምናየው ነው። ሺህ ሰው ባለበት ቡድን አንዲት ተማሪ ጥያቄ ብትጽፍ፣ ሁሉም ያነበዋል፤ ሁሉም ሌላ ሰው ይመልስላታል ብሎ ያልፈዋል። ተማሪዋም ሁለተኛ አትጠይቅም። ያ ዝምታ የግዴለሽነት ሳይሆን የአደረጃጀት ውጤት ነው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በአብዛኞቹ ትስስሮች ሃምሳውን ሎሚ የተሸከመችው አንዲት አስተባባሪ ናት። ስብሰባ ትጠራለች፣ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች፣ ሪፖርት ታዘጋጃለች፣ ለለጋሾች ትመልሳለች። እርሷ ስትደክም ትስስሩ ይደክማል። ተሳትፎን ማጠናከር ማለት ሎሚዎቹን ማከፋፈል ማለት ነው።

ዕቁብና ዕድር ምን ያስተምሩናል?

ይህን ችግር ለመፍታት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዕቁብ የሚሠራው አባላቱ ስለሚዋደዱ ብቻ አይደለም። መጠኑ የታወቀ ነው፤ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ዕጣው ለሁሉም በየተራ ይደርሳል፤ ቀድሞ የደረሰው ዋስ ያቀርባል። ዕድርም እንዲሁ ነው። ድንኳን የሚተክል፣ ዕቃ የሚያወጣ፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ ተለይቶ ይታወቃል። የቀረ ሰው ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ በመጀመሪያ ትንሽ መቀጫ ይከፍላል፤ መቅረቱን ከደጋገመ ጉዳዩ ለአባላት ይቀርባል።

በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ኤሊኖር ኦስትሮም፣ የጋራ ሀብታቸውን ለረጅም ዘመን ጠብቀው የኖሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታ የደረሰችበት ድምዳሜ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ደንቡን የሚተዳደሩበት ሰዎች ራሳቸው ሲያወጡት፣ አፈጻጸሙን ራሳቸው ሲከታተሉ፣ ቅጣቱም ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲከብድ የጋራ ነገር ይጸናል። የዕድራችን ጸሐፊ መጽሐፏን ሳያነቡ የሚሠሩበት ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ባህላችንን ስናወድስ ዐይናችንን መጨፈን የለብንም። በብዙ ዕድሮች ዳኛው ወንድ ነው፤ ጸሐፊው ወንድ ነው፤ ወጥ የምትሠራውና ውሃ የምትቀዳው ሴት ናት። የሴቶች ዕድር ለብቻው የሚቋቋመውም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተሳትፎ ስንል ሥራውንና ውሳኔውን አብረን ማለታችን መሆን አለበት። ጉልበቷን ብቻ የሚጠይቃት፣ ድምፅዋን የማይጠይቃት ትስስር የቆየውን ልማድ በአዲስ ስም ይደግመዋል።

የሴት የሕግ ባለሙያዎች ምሳሌ

ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ፍርድ ቤቱን ነው። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ቆሜ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ሳላነሣ ባልፍ ንግግሬ ይጎድላል። ማኅበሩ የቴክኖሎጂ አይደለም፤ ግን በአገራችን የሙያ ሴቶች ተደራጅተው ምን መሥራት እንደሚችሉ፣ ምንስ እንደሚፈትናቸው ከሁሉ ይልቅ ያሳየን እርሱ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ጨምሮ በጥቂት የሕግ ባለሙያ ሴቶች የተመሠረተው ይህ ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ ጀመር። በ2000 ለወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከተሟገቱት ግንባር ቀደሞች አንዱ ሆነ፤ ያ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አድርጓል። ይህን ሁሉ ያስቻለው ምንድን ነው? ለእኔ አንዱ መልስ መዝገብ ነው። የማኅበሩ አባል እጇ ላይ መዝገብ ነበራት። ከመዝገቡ ጀርባ ስሟና ችግሯ የሚታወቅ ሴት ነበረች። አባሏ ብትቀር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ከብዙ መዝገቦች የተገኘው ልምድ ደግሞ ተጠራቅሞ ሕጉ የት ላይ እንደሚያዳላ አሳየ፤ የግለሰቦች አቤቱታ የሕግ ማሻሻያ ጥያቄ ሆነ።

ፈተናውም ከባድ ነበር። በ2001 ማኅበሩ ለጥቂት ጊዜ ታግዶ ነበር። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ደግሞ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ እንዳያገኙ ከለከለ። የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ ሠራተኞቹን በብዛት ለመቀነስ ተገደደ። አዋጁ በሌላ የተተካው በ2019 ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ገንዘብ የሚቆምበት ቀን ሳይታሰብ ይመጣል። በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በድንገት ሲቋረጥ በመላው አፍሪካ ያሉ ድርጅቶች ይህንኑ ዳግም ተምረዋል። ሁለተኛው፣ በዚያ ቀን የሚቀረው አባላት ናቸው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ሲሄዱ ሥራውን የሚያውቁና ኃላፊነቱ የእኔ ነው የሚሉ አባላት ከሌሉ፣ የሚተርፈው ማኅተምና አርማ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለቴክኖሎጂ ትስስሮች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ የእናንተ መዝገብ ምንድን ነው? የመጀመሪያ ዓመት የፕሮግራሚንግ ትምህርት ከብዷት ልታቋርጥ ያሰበች ተማሪ መዝገብ ናት። ኮዷን የሚያይላት አጥታ የተቸገረች ጀማሪ ባለሙያ መዝገብ ናት። ኮምፒውተሮቹ ተበላሽተው የተቆለፈ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ መዝገብ ነው።

አህጉሩን አንድ ላይ መያዝ

አህጉራዊ ትስስር የራሱ እንቅፋቶች አሉበት፤ ከቀላሉ ልጀምር። ዳካር ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በዳካር ከቢሮ መውጫ በፊት፣ በእነርሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ በ4፡00 የተጠራ ስብሰባ ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ እራት የሚቀርብበትና ልጆች የቤት ሥራ የሚሠሩበት ሰዓት። በዚያ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን የተለየ በመሆኑ «4፡00» ተብሎ የተጻፈውን አባላችን ረፋድ ላይ ነው ብላ ልትረዳው ትችላለች። ቀላል የሚመስል ነገር ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ በዚህ ምክንያት የቀረች ሴት ሦስተኛ ጊዜ አትሞክርም።

ቋንቋም አለ። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ብቻ ሲካሄድ የፈረንሳይኛ፣ የፖርቱጋልኛና የዐረብኛ ተናጋሪዎች አድማጭ ብቻ ይሆናሉ። እኛም በእንግሊዝኛ እንማራለን እንጂ የከበደንን ነገር በነጻነት የምንናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ነው።

ከሁሉ የከፋው የግንኙነት መቋረጥ ነው። በ2020 ክረምት በአገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጧል። በትግራይ በጦርነቱ ወቅት ለሁለት ዓመት ገደማ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለረጅም ወራት የብዙዎች ግንኙነት ጠፍቷል። በኡጋንዳም በጥር 2021 ምርጫ ወቅት ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በኢንተርኔት ብቻ የሚኖር ትስስር በእነዚያ ወራት አባላቱን ያጣል፤ ያውም ከሁሉ ይልቅ በሚፈልጉት ጊዜ።

ስለዚህ ትስስሩ ሁለት ደረጃ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ። ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አዲስ ዕድልና አዲስ መረጃ የሚደርሰን ከቅርብ ወዳጆቻችን ይልቅ ላላ ባለ ትውውቅ ከምናውቃቸው ሰዎች እንደሆነ አሳይቷል። አህጉራዊው ትስስር ለዚህ ይጠቅማል፤ የነፃ ትምህርት ዕድል፣ ሥራ፣ ሸሪክ ያመጣል። ሰውን በክፉ ቀን የሚይዘው ግን በአካል የሚገናኝ፣ ስም በስም የሚተዋወቅ፣ ከአሥርና ከአሥራ ሁለት የማይበልጥ የቅርብ ቡድን ነው። መስመሩ ሲቋረጥ እግር መንገዱን ያውቀዋል።

ምን ይደረግ?

አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዷ አባል በየዩኒቨርሲቲው ወይም በየከተማው ባለ ትንሽ ቡድን ውስጥ ትታቀፍ። አህጉራዊው ትስስር የቡድኖች ኅብረት ይሁን።

ሁለተኛ፣ ኃላፊነት በየተራ ይዙር። ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ አዲስ አባል መቀበል ለሁሉም ይድረስ። ጆ ፍሪማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስለ ሴቶች ንቅናቄ በጻፈችው መጣጥፍ እንዳሳሰበችው፣ መዋቅር የለንም የሚል ቡድን መሪ የለውም ማለት አይደለም፤ መሪዎቹ የማይታዩና የማይጠየቁ ይሆናሉ እንጂ።

ሦስተኛ፣ መጠኗ ትንሽም ብትሆን መዋጮ ይኑር፤ አጠቃቀሙንም አባላት ይወስኑ። ከመዋጮው ለምሳሌ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ላቃታት አባል ይሸፈንላት። የራሷን ብር ያዋጣች ሴት ሒሳብ ትጠይቃለች፤ ሒሳብ የምትጠይቅ አባል ደግሞ እውነተኛ አባል ናት።

አራተኛ፣ ስኬት በተመዝጋቢ ብዛት አይለካ። ባለፉት ሦስት ወራት ለሌላዋ አባል አንድ ነገር ያደረጉት ስንት ናቸው ብለን እንጠይቅ። የጠፉትንም እንቁጠር፤ ለምን እንደጠፉ ደውለን እንጠይቃቸው። ዕድር ሰው ሲቀር «ደኅና ነች ወይ?» ይላል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ሴቶች በቤት ውስጥ ካለባቸው ሥራ በላይ ሌላ ያልተከፈለ ሥራ ልትጭኑባቸው ነውን? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ተራ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። ተራ ያለው ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። በወር ሁለት ሰዓት ከሆነ ሁለት ሰዓት ነው፤ የወለደች፣ የታመመች፣ ፈተና ላይ ያለች ተራዋን ለሌላ ታሳልፋለች፤ አያስወቅሳትም። ወሰን የሌለው ሥራ የሚወድቀው እምቢ ማለት በማትችለው ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አለባቸው፤ ታናናሾቿን የምትደግፍ ተማሪ ወይም መምህርት ያደረገችው ነገር እንደ ማኅበረሰብ አገልግሎት ሊቆጠርላት ይገባል።

ውድ ተማሪዎች፣ አብዛኞቻችሁ በስልካችሁ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ቡድን አለ። ዛሬ ማታ ክፈቱትና ሳይመለስ ያለፈ ጥያቄ ፈልጉ። አንዲቱን ጥያቄ መልሱ፤ መልሱን ካላወቃችሁ የሚያውቀውን ሰው ስም ስጡ። ከዚያም ከጠያቂዋ ጋር ሆናችሁ ለሚቀጥለው ወር ተራው የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ማኅበር የሚጀመረው በዚህ መጠን ነው።