የሞቀ ቤትና የሞቀ እህል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሳው ስለ ሙቀት ነው። ሰርጉ ሞቀ እንላለን፤ ገበያው ሞቀ እንላለን፤ ሁለት ሦስት ብርሌ የደገመውን ሞቅ ብሎታል እንላለን። ትዳሩ የሰመረለት ሰው የሞቀ ቤት አለው ይባላል። ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ ጫጩት የምታወጣው በሙቀቷ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ኮምፖስትም በጥቂት ቀናት ውስጥ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የአረም ዘርና የበሽታ ተህዋስያን የሚሞቱት በዚሁ ነው። ክምሩ ውስጥ የሰካነውን እንጨት ነቅለን ስንዳስሰው ካልሞቀ፣ ሥራው ገና እንደሆነ እናውቃለን።

የብርሌውን ለእናንተ ልተወውና፣ እነዚህ መልካም ሙቀቶች ናቸው። ቤት የሚያፈርስ ሙቀት ግን አለ፤ እሱም የእህል ሙቀት ነው።

ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በኅዳር ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለ። የበቆሎ ዋጋ ጥሩ ስለነበር አባላት ከማሳ እንደወጣ ፈልፍለው ወደ ማኅበሩ መጋዘን አመጡት። አንዷን ፍሬ በጥርሴ ነከስኳት፤ ቀጭ አላለችም፣ ለስልሳ ተጨፈለቀች። መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ገበያው ሞቋል፣ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ይፈለጋል፣ ሁሉም ይቸኩላል። እኔም ዝም አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጋዘኑ ጠባቂ አባት ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ እህሉ ትኩሳት ይዞታል» አሉኝ። እጄን ጆንያው ውስጥ ሳስገባ እንደታመመ ሰው ብብት ይሞቃል፤ ሻጋታው ይሸታል። ገዥው አይቶ ጥሎት ሄደ። ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት 6 ኩንታል ከዚያ ውስጥ ነበራቸው። አልወቀሱኝም፤ «እናንተ ስለተቀበላችሁት ደህና ነው ብዬ ነው» ብቻ አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እህል ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ይተነፍሳል። እርጥበት ሲኖረው እሱም፣ ሻጋታውም፣ ነቀዙም አብዝተው ይተነፍሳሉ። ትንፋሹ ሙቀትና ተጨማሪ እርጥበት ይፈጥራል፤ ይህም ሻጋታውን ይበልጥ ያባዛዋል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ይህን መርዝ መቀቀልም ሆነ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የሻገተ በቆሎ «ለጠላ ይሆናል፣ ለላም ይሆናል» አይባልም፤ ለላሟ የሰጠነው በወተቷ ወደ ልጆቻችን ይመለሳል።

መከላከያው ከባድ አይደለም። በቆሎ ወደ መጋዘን ሲገባ እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መለኪያ ከሌለ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምረን፣ ከድነን፣ ደህና አድርገን ወዝውዘን 15 ደቂቃ እናቆየው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ እርጥብ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀም አንድ ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ከዚያ ጆንያው በርብራብ ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳ ይራቅ፣ በየሳምንቱ በእጅ ይዳሰስ።

ውድ አባላት፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እርጥብ እህል ስንመልስባችሁ አትቀየሙን። የተከበራችሁ አመራሮችም፣ «ስንት ኩንታል ገባ?» ብላችሁ ስትጠይቁን «ስንቱስ ደርቆ ገባ?» የሚለውን ጨምሩበት። እኛ ባለሙያዎችም ያየነውን እንናገር።

ቤታችሁ የሞቀ፣ መጋዘናችን የቀዘቀዘ ይሁን!