ሰናመኪ ወይስ ተልባ?

(ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ አጭር ንግግር)



ሆዳችን ሲደርቅ ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ሰናመኪ ነው። ሰናመኪ አንጀትን አስገድዶ ያሠራል፤ ማታ የጠጡት ጠዋት ያስቀምጣል። ታዲያ ለአንድ ሰሞን እንጂ ለዘወትር አይሆንም፤ ሲበዛ ቁርጠት ያመጣል፣ የሰውነትን ውሃና ጨው ያሟጥጣል።

ተልባ ግን ውሃ መጥጦ ሰገራን ያለሰልሳል። ቀናት ቢፈጅም ለዘወትር የሚስማማን እሱ ነው። ብቻ ውሃ እናብዛበት፤ አለዚያ ድርቀቱን ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል፤ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ የገብስ ቆሎውም ይኸው አለን።

ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ግን ሁለቱንም ትቶ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሰናመኪ እየደጋገምን በሽታ አንደብቅ።