ከእሳቱ በኋላ ላለው ሥራም በጀት እንያዝ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የቆምኩት ሪፖርት ለማቅረብ አይደለም። ለጥጆቻችን በከለልነው ካሎ ውስጥ የበዛውን ቁጥቋጦ ቆርጠን ከዝናቡ በፊት ለማቃጠል ተስማምተናል። በጀቱን ስሠራ ግን ከየሳምንቱ መዋጯችን የተጠራቀመው ገንዘብ በሙሉ ለቆራጮችና ለእሳት ጠባቂዎች ተይዟል። ከእሳቱ በኋላ ላለው ሥራ አንድ ብር አልተመደበም።

እሳት ለቦረና እንግዳ አይደለም። ድሮ ሽማግሌዎች ግጦሹን በተራ እያቃጠሉ ቁጥቋጦውንና መዥገሩን ይቀንሱ ነበር። በደርግ ዘመን ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው በዛ፣ ሣሩም ሳሳ። ስለዚህ ማቃጠሉን አልቃወምም።

ነገር ግን እሳት ሥር አይነቅልም። ትንንሹን ይገድላል፤ ትልቁ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ለምለም ሣር ስለሚወጣ ከብቱ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ሣሩ ሳያገግም ከተጋጠ መሬቱ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ መሬት ላይ ቅንጭ አረም ይገባል።

ይህን ነጭ አበባ ያለው አረም ሁላችሁም በየመንገዱ ዳር ታዩታላችሁ። በበቀለ በአንድ ወር ገደማ ማበብ ይጀምራል። አንዱ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፣ የነካው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል። ሐረርጌ ውስጥ «ፈረምሲሳ» ይሉታል፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደ ማለት ነው።

እናቴ ከሦስት ዓመት በፊት መሬቷን አቃጥላ፣ ሣሩ ብቅ ሲል ወዲያው ከብት አስገባች። «አረንጓዴ እያየሁ ጥጃዬን እንዴት ላስርብ?» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬ ቦታው ከቀድሞው የባሰ ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ገንዘቡን ለሁለት እንድንከፍለው ነው። ግማሹ ለማቃጠሉ ይሁን። በቀሪው ግማሽ ሣሩ ዘሩን እስኪያፈስ ድረስ ከብት የሚከለክል ጠባቂ እንቅጠር። የእጅ ጓንትም ገዝተን በየ15 ቀኑ እየወጣን አረሙን ሳያብብ ከነሥሩ እንንቀል። ሣሩ ሲጠነክር ፍየሎች ገብተው ያቆጠቆጠውን ይብሉልን።

ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም ካላችሁ፣ የምናቃጥለውን ቦታ እናሳንሰው። ልንጠብቀው የማንችለውን መሬት ከማቃጠል፣ ለዘንድሮ ቢቆይ ይሻላል።