ስለ ዋልያ የተደረገ ንግግር



በመጽሐፈ ኢዮብ እንደምናነበው፥ እግዚአብሔር ኢዮብን ከጠየቀው አንዱ የተራራ ፍየሎች የሚወልዱበትን ጊዜ ያውቅ እንደ ሆነ ነው። ኢዮብ መልስ አልነበረውም። እኛ የደባርቅና የዳባት ልጆች ግን በዚህ አንድ ጥያቄ ልንረዳው እንችል ነበር። ዋልያ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ክረምቱ ሲወጣ፥ በመስከረምና በጥቅምት ነው። አምስት ወር ያህል አርግዛ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ትወልዳለች።

ቀንዱን አይቶ የዱር በግ የሚለው እንግዳ አይጠፋም፤ ነገር ግን ፍየል ነው። የአውራው ቀንድ ወደ ኋላ ተቈልምሞ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህም ነው የቀድሞ ሰዎች ለዋንጫ ሲሉ ይገድሉት የነበረው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1835 በአውሮፓ አቈጣጠር (የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ ናቸው) ለሳይንስ አስታወቀው። ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም።

ዋልያ ከነብር ለማምለጥ ገደል ይገባል። ከእርሻ ግን ገደል አያድነውም። ገብሳችን እስከ አፋፉ ወጣ፤ ፍየሎቻችን ሣሩን ይሻሙታል፤ በሽታ ሊያስተላልፉበትና ከእርሱም ጋር ሊዳቀሉ ይችላሉ። ፓርኩ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን የዋልያው ቍጥር በማነሱና የሰው ኑሮ በመግፋቱ አደጋ ካለባቸው ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው።

የወጣውም በከንቱ አይደለም። በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። በኳስ ሜዳ ብሔራዊ ቡድናችንን «ዋልያዎቹ» እያለ የሚያጨበጭብ ሁሉ ይህን ያውቅ ይሆን? ዋልያን በዓይኑ ሳያይ በስሙ የሚኰራው ብዙ ነው፤ ስለ እርሱ አገሩን የለቀቀው ግን የደጋው ገበሬ ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን በፓርኩ ሲያጕረመርሙ አላዋቂዎች ናቸው ማለት አይገባም፤ እኛም አንልም።

ሆኖም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፍየል የምናግደው እኛው ነን። ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ተነጋግረን ከፓርኩ ወሰን ወዲህ ብቻ ልናግድ ተስማምተናል። እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ፍየሎቹ ማታ ሆዳቸው ሳይሞላ ቢገቡ እንዳትቈጡን ከአሁኑ እንለምናለን።