ሊበራል ማለት ምን ማለት ነው?



«ሊበራል» የሚለው ቃል «ሊበር» ከሚለው ላቲን የወጣ ነው፤ ይኸውም ነፃ ማለት ነው። ለነፃ ሰው የሚገባው ትምህርትም ለጋስነትም በዚሁ ቃል ይጠሩ ነበር። የፖለቲካ ወገን ስም ያደረጉት ግን በስፔን አገር፣ በካዲዝ ከተማ፣ በ1812 እ.ኤ.አ. የንጉሥን ሥልጣን በሕገ መንግሥት የወሰኑ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በአሜሪካ ሊበራል የሚሉት መንግሥት ድኻን ይርዳ ባዩን ነው፤ በአውሮፓ ግን ብዙ ጊዜ መንግሥት በንግድ ጣልቃ አይግባ ባዩን።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እንዳስረዳው፣ የሰው ነፃነት የሚገታው ሌላውን እንዳይጎዳ ብቻ ነው። እንግዲህ በክርክር ጊዜ የማንወደውን ሐሳብ የሚናገረውን ጓደኛችንን በጩኸት ብናፍነው፣ ሊበራል ነን ማለታችን ከንቱ ነው። ነፃነትን ለራስ መውደድ ቀላል ነው፤ ለተቃዋሚ መፍቀድ ግን ለጋስነት ይጠይቃል። ሁለቱ የቃሉ ትርጉሞች የሚገናኙት በዚህ ነው።